የአርቦሬ ማር ጂንካ ሲገባ

ከወይጦ መገንጠያ ወደ ቱርሚ የሚወርደው መንገድ አርቦሬን አቋርጦ ያልፋል። በስተደቡብ የጨው ባሕር ሜዳ ተዘርግቷል። አገሩ ቆላ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ600 ሜትር አይበልጥም፣ ቀን ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ቢያልፍ ማንም አይደነቅም። ከዚህ ተነስቶ በቀይ አፈር በኩል ጂንካ የገባ መንገደኛ ወደ 1,400 ሜትር ገደማ ወጥቷል። አየሩ ለስልሷል፣ ሣሩ ረጥቧል። ለሰው እፎይታ ነው፤ ለተሸከመው ማር ግን ፈተና ነው።

የዚህ ምልልስ ጠያቂ አርቦሬ ተወልዳ ጂንካ የምትማር ወጣት ናት። መላሹ ዕድሜያቸውን በሐመር ወረዳ በግብርና ባለሙያነት ያሳለፉ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ከቆላው ያልተለዩ ሽማግሌ ናቸው። ወጣቷ ለዕረፍት መጥታ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ ነው ጥያቄዋን ያወጣችው።

«አባባ፣ ከአንድ ቀፎ የተቆረጠ ማር ለሁለት ከፈልነው። ግማሹን እናቴ ዘንድ ተውኩት፣ ግማሹን ጂንካ ይዤ ሄድኩ። የእናቴ እስከ ዛሬ ደህና ነው። የእኔ አረፋ አወጣ፤ ክዳኑን ስከፍተው ፍስስ አለ፤ ሲቀምሱት ይኮመጥጣል። የግቢው ሰዎች ‹ስኳር የተቀላቀለበት ነው› አሉኝ። ሲቆረጥ ዓይኔ ያየውን ማር ማን ስኳር ይጨምርበታል?»

«በምን ይዘሽው ሄድሽ?»

«በጀሪካን። በአምስት ሊትሩ።»

«ጀሪካኑን አጥበሽዋል?»

«እንዴታ! በሳሙና ነው ያጠብኩት።»

«አድርቀሽዋል?»

ወጣቷ ዝም አለች። ሽማግሌው ፈገግ ብለው በእጃቸው ወንበር አሳዩአት።

«ስኳር አልገባበትም ልጄ። የገባበት ውኃ ነው። ማር ብቻውን ሆኖ አይበላሽም። በማር ውስጥ ያለው ስኳር ብዙ፣ ውኃው ጥቂት ስለሆነ እርሾ ቢገባበትም ሊባዛ አይችልም። እርሾ ደግሞ ሁልጊዜም ይኖርበታል፤ ከአበባው ይመጣል፣ ከቀፎው ይመጣል። ውኃው ከመቶ 17 እጅ በታች ከሆነ እርሾው ተኝቶ ይኖራል። ከ19 ካለፈ ግን መቦካቱ አይቀርም። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ ኮዴክስ የሚሉት፣ ለማር የፈቀደው የውኃ ጣሪያ ከመቶ 20 ነው። በሚቆየውና በሚቦካው ማር መካከል ያለው ልዩነት ይህቺው ሁለት ሦስት እጅ ናት።»

«ጀሪካኑ ውስጥ የቀረው ጠብታ እኮ ነው፤ ያን ያህል ይጎዳል?»

«እንቁጠረዋ። አምስት ሊትር ማር ሰባት ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ማር ከውኃ ይከብዳላ። ማርሽ ከመቶ 18 እጅ ውኃ ነበረው እንበል። አንድ መቶ ሚሊ ሊትር፣ ከቡና ስኒ ብዙም የማይበልጥ ውኃ፣ ከታችና ከእጀታው ውስጥ ቀርቶ ቢሆን ማሩ ከ19 አለፈ ማለት ነው። ያውም እኩል ሲደባለቅ ነው። ውኃ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ ላይኛው ሽፋን ይቀጥናል፤ መቦካቱ ከዚያ ይጀምራል።»

የጀሪካን እጀታ ባዶ መሆኑን፣ ሲታጠብ ውኃ ቋጥሮ እንደሚያስቀር፣ ገልብጦ ካላንጠፈጠፉት እንደማይለቅ የሚያስተውል ሰው ጥቂት ነው። አፉም ጠባብ ነው፤ ፀሐይ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ጨርቅ አይደርስም። ለዘይት የተሠራ ዕቃ ለዘይት መልካም ነው። ለማር ግን አፈ ሰፊ ባልዲ ከነክዳኑ፣ ወይም አፈ ሰፊ ብርጭቆ ይሻላል። ገበያው ሁሉ ቢጫ ጀሪካን የሚጠቀመው ዕቃው ርካሽና ለጉዞ ምቹ ስለሆነ እንጂ ለማር ስለሚስማማ አይደለም።

«እሺ፣ ጀሪካኑ ጥፋተኛ ነው» አለች ወጣቷ። «ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደህና ነበር። እየከፈትኩ እየበላሁ ነው የተለወጠው።»

«ሁለተኛው ጥፋተኛ የጂንካ አየር ነዋ። ማር ከአየር ውስጥ ውኃ ይስባል። የአየሩ እርጥበት ከመቶ 60 ገደማ ሲሆን 18 እጅ ውኃ ያለው ማር አይሰጥም፣ አይቀበልም። አየሩ ከዚያ በላይ ሲረጥብ ማሩ ይጠጣል። ጂንካ በዝናቡ ወራት ልብስ ታጥቦ ስንት ቀን ሳይደርቅ ይሰነብታል? ያ አየር ነው ክዳኑ ላልቶ ባደረ ጀሪካን ውስጥ የገባው። እናትሽ ቤት ደግሞ አየሩ ደረቅ ነው፤ ክዳኑን ብትረሳው እንኳ ማሩ የሚያጣው እንጂ የሚጨምረው ውኃ የለም። በዚያ ላይ ማንኪያ አለ። ሻይ ያማሰልሽበትን እርጥብ ማንኪያ መልሰሽ ትከቺው ነበር?»

«…አንዳንዴ።»

«በቃ።»

ሽማግሌው ግን ነገሩን ከቀፎው ካልጀመሩ አይሆንላቸውም። ንብ ከአበባ የምትቀዳው ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ ከግማሹ በላይ ውኃ ነው፤ ከመቶ 70 እና 80 የሚደርስም አለ። ንቦቹ ሌት ተቀን በክንፋቸው እያራገቡ ውኃውን ያተንኑታል፤ ማሩ ሲበስል እያንዳንዱን ቀዳዳ በሰም ይከድኑታል። ክዳኑ የንቧ ማኅተም ነው። ከማር እንጀራው ሦስት አራተኛው ሳይከደን የተቆረጠ ማር ጥሬ ነው፤ በምንም ዕቃ ቢቀመጥ አይቆይም። በቤና፣ በሐመርና በኮንሶ መንገድ ዳር ዛፍ ላይ የሚታየው ረጅም ባህላዊ ቀፎ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ማሩ፣ እጩና የአበባው ዱቄት በአንድ ይኖራሉ። ሌሊት በጭስ ተጣድፎ የቆረጠ ሰው ሁሉንም በአንድ ቅል ይጨምረዋል። የእጭ አካል አብዛኛው ውኃ ነው፤ ሲፈርጥ ማሩን ያቀጥነዋል፣ ሽታም ይሰጠዋል።

«ስለዚህ ማስቀመጥ የሚጀመረው ሲቆረጥ ነው ማለትዎ ነው?»

«አዎ። የተከደነውን ለብቻ፣ ያልተከደነውን ለብቻ፣ እጭ ያለበትን ለብቻ። ያልተከደነው ቶሎ የሚበላ ነው፤ ለብርዝ ወይም ለጠጅ ይሆናል። ለዓመት የምታስቀምጪው የተከደነውን ብቻ ነው። እሱንም ትቆርሺዋለሽ፣ በንጹሕ ደረቅ ነጠላ ጨርቅ ወይም በማጥለያ ታንጠፈጥፊዋለሽ። እዚህ አርቦሬ ለማጥለል እሳት አያስፈልግም፤ የቀትሩ ሙቀት ይበቃል። ከዚያ ተከድኖ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጥ። ሰሙ፣ አረፋው፣ የንቡ ክንፍ ሁሉ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ በማንኪያ ገፈሽ ታነሽዋለሽ። ከሥር የቀረው ነው ማር።»

«ከነሰሙ ማስቀመጥስ? ብዙ ሰው ከነእንጀራው ነው የሚወደው። ‹ያልተነካ ነው› ይላሉ።»

«ደህና ቢሆንማ ጥሩ ነበር። ግን ሰሙ ውስጥ የእሳት ራት እንቁላል ይኖራል። በዚህ ሙቀት ይፈለፈልና ትሉ ሰሙን እየበላ ድር ያደራበታል። ፍሪዘር ያለው ሰው አቀዝቅዞ እንቁላሉን ይገድለዋል፤ እዚህ ማን አለው? ከነእንጀራው የወደደ በሳምንታት ውስጥ ይብላው።»

ወጣቷ ወደ ዕቃው ጉዳይ ተመለሰች። አያቷ ማር የሚያስቀምጡት በቅል ነበር፤ እሷ ደግሞ በጀሪካን። የትኛው ይሻላል?

አርቦሬ ውስጥ ቅል የማይገባበት የቤት ሥራ የለም። ወተት ይታለብበታል፣ የቡናው ገለባ፣ ሸፈሮው፣ ይጠጣበታል። ሽማግሌው ቅልን አይንቁም፤ ለአንድ ሥራ ብቻ ይዋል ይላሉ። የወተት ቅል ይታጠናል፤ ማር ደግሞ ሽታ የሚይዝ ነገር ነው፤ በታጠነ ቅል ያደረ ማር ጭስ ጭስ ይላል። ለማር አዲስ ቅል ይመረጣል፣ በደንብ ይደርቃል፣ ውስጡ በቀለጠ ሰም ይቀባል። ሰሙ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ክዳኑንም ዳር ዳሩን በሰም ማሸግ ይቻላል። ማሰሮና ገንቦም እንደዚሁ ናቸው፤ ያልተቀባ ሸክላ ይተነፍሳል፤ አርቦሬ ላይ ብዙ አይጎዳም፣ ጂንካ ላይ ግን እርጥበት ያስገባል።

«ብረትስ?»

«ማር ጣፋጭ ስለሆነ ኮምጣጣ መሆኑን ሰው ይረሳል። አሲድ አለው ልጄ፤ ፒኤቹ 4 ገደማ ነው። የዚንክ ባልዲ፣ የዛገ ጣሳ፣ መዳብ ውስጥ ቢቀመጥ ብረቱን እየበላ ወደ ራሱ ይጨምረዋል። ማሩ ይጠቁራል፣ የብረት ጣዕም ያመጣል፣ ጤናም ይነካል። የማይዝግ ብረት ከሆነ ችግር የለበትም። ለቤት ፍጆታ ከብርጭቆ የሚበልጥ የለም፤ ብርሃን ከማያገኘው ቦታ ይቀመጥ እንጂ።»

አንድ ዕቃ ላይ ግን ድምፃቸው ጠነከረ። የወይጦ ሸለቆ ጥጥ የሚመረትበት አገር ነው፤ ጥጥ ባለበት የተባይ መድኃኒት አለ፤ መድኃኒት ባለበት ደግሞ ባዶ ጀሪካን አለ። በአገራችን ገበያዎች እንዲህ ያለ ዕቃ ታጥቦ ለውኃና ለምግብ ሲሸጥ ማየት አዲስ አይደለም። «መቶ ጊዜ ብታጥቢው ፕላስቲኩ የጠጣውን አይለቅም» አሉ። «የማንን ማር እንደሚገዛ የሚመርጠው የአውሮፓ ኅብረት እንኳ ኢትዮጵያን እ.ኤ.አ. በ2008 ከማር ላኪዎች ዝርዝር ሲያስገባ የመድኃኒትና የኬሚካል ቅሪት ክትትል እንዲኖር ጠይቆ ነው። እኛ ለልጆቻችን ከዚያ ያነሰ ለምን እንጠይቃለን? ምን እንደነበረበት የማታውቂውን ጀሪካን አትግዢ።» ላምባ፣ ሳሙና፣ በርበሬና ሽንኩርት ያለበት ሣጥን ውስጥም ማር አይቀመጥም፤ ጎረቤቱን ሁሉ ያሸታል።

እስካሁን ጂንካ ተወቀሰች። ወጣቷም ይህንን ሳታስተውል አልቀረችም። «እንግዲያው አርቦሬ ለማር ገነት ነው ማለት ነዋ!» አለች።

«ቆይ፣ አትቸኩይ። ጂንካ በእርጥበት ታበላሸዋለች፣ አርቦሬ በሙቀት ያደክመዋል። የእናትሽ ማር አልቦካም፤ ግን ቀለሙን አይተሽዋል?»

«ጠቁሯል። የበሰለ መስሎኝ ነበር።»

«አዎን በስሏል፤ ግን በማይፈለገው መንገድ። ማር ሲሞቅ ከስኳሩ ኤች.ኤም.ኤፍ. የሚባል ነገር ይፈጠራል። መርዝ ነው ብለሽ አትደንግጪ፤ ማሩ ምን ያህል እንደተጎዳ የሚያሳይ ምልክት ነው። ኮዴክስ በአንድ ኪሎ 40 ሚሊ ግራም ይፈቅዳል፤ እንደ እኛ ካሉ ሞቃት አገሮች ለሚመጣ ማር እስከ 80። በጥናት የታወቀውን ልንገርሽ። ማር በ30 ዲግሪ ሲቀመጥ 30 ሚሊ ግራም ለመድረስ ከ150 እስከ 250 ቀን ይፈጅበታል። በ40 ዲግሪ ከ20 እስከ 50 ቀን ብቻ። በ60 ዲግሪ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ተኩል። በ70 ዲግሪ ሰዓታት ናቸው፣ ከ5 እስከ 14። አሁን አስቢው፤ ቀትር ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ወይም መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ለቱሪስት የተደረደረ ጠርሙስ ስንት ዲግሪ ይደርሳል? ከኤች.ኤም.ኤፍ.ው ጋር የማሩ ኢንዛይም ይሞታል፣ መዓዛውም ይተናል። የግራር አበባ መዓዛ ያለው የቆላ ማር በስድስት ወር ውስጥ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል።»

«ምን ይደረግ ታዲያ? አርቦሬን ከፍ አድርገን ተራራ ላይ አናስቀምጣት።»

ሽማግሌው ሳቁ። መልሳቸው ቀላል ነው። ከቆርቆሮ ቤት የሣር ቤት ይቀዘቅዛል፤ ከጣሪያው ሥር ካለው መደርደሪያ የወለሉ ጥግ ይቀዘቅዛል፤ ከወለሉም በላይ መሬት ውስጥ እስከ አንገቱ የተቀበረ ማሰሮ ይቀዘቅዛል። ጉንዳን እንዳይመጣ ዙሪያውን አመድ መነስነስ የቆየ ዘዴ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ብዙ ማር ቆላ ላይ አለማክረም ነው፤ ለወራት የሚቀመጠው ወደ ደጋ ይውጣ፣ ለቤት የሚበላው ብቻ ይቅር። አርቦሬ ላይ ቆርጦ፣ አጥልሎ፣ በደረቅ ዕቃ አሽጎ ጂንካ ላይ ማስቀመጥ፤ የሁለቱን አገር ጥቅም የሚያገናኘው ይህ ነው። ወጣቷ ያደረገችው ከዚህ የሚለየው በዕቃው፣ በክዳኑና በማንኪያው ነው።

«አዲስ አበባ ላለችው አክስቴም ልኬ ነበር» አለች ወጣቷ። «እሷ ጋ ደግሞ ደረቀ፣ እንደ ስኳር ጠጠረ። ደውላ ተቆጣችኝ። ‹አታለሉሽ› አለችኝ።»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ጣልቃ ይገባል፤ ይህ ወቀሳ በየከተማው ስንቱን ሐቀኛ ማር ሻጭ እንዳሳፈረ ስለሚያውቅ። የረጋ ማር የተበላሸ ማር አይደለም፣ ስኳር የተጨመረበት ምልክትም አይደለም። በማር ውስጥ ካሉት ስኳሮች አንዱ፣ ግሉኮስ፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ፍጥነቱ የሚበረታው በ14 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የአዲስ አበባ አማካይ ሙቀት ደግሞ ወደ 16 ዲግሪ ገደማ ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ ማር የሚረጋው ከተማዋ ስለምትቀዘቅዝ ነው። ከካፋና ከሸካ ደን የሚመጣው የገተም ማር ነጭ ሆኖ ፈጥኖ ይረጋል፤ ገዢም ለዚሁ ንጣቱ ይፈልገዋል። በክብሪት እሳት መለኮስ፣ ውኃ ውስጥ መጣል፣ ጣት ላይ ማንጠባጠብ፤ እነዚህ የገበያ ፈተናዎች ስለ ማሩ ውፍረት ትንሽ ይናገሩ ይሆናል፣ ስለ እውነተኛነቱ ግን አይመሰክሩም።

ሽማግሌው አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመሩ። ማር ሲረጋ ግሉኮሱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ ከበፊቱ የበለጠ ውኃ ይኖረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ውኃው ድንበር ላይ የነበረ ማር ከረጋ በኋላ ከላይ ሊቦካ ይችላል። «አክስትሽ ላዩ ቀጥኖ፣ ታቹ ጠጥሮ ከሆነ ቶሎ ትብላው። ሁሉም እኩል ከረጋ ምንም አይሆንም፤ ዳቦ ላይ ቀብታ ትብላው። መፍታት ከፈለገች ማሩን ከነብርጭቆው እጅ በሚችለው ለብ ያለ ውኃ ውስጥ፣ 40 ዲግሪ ገደማ፣ ታስቀምጠው። እሳት ላይ አትጣደው። ማቀዝቀዣ ውስጥም ማስገባት አያስፈልጋትም።»

«የእኔን የቦካውን ምን ላድርገው? ልድፋው?»

«ማር ይደፋል እንዴ! ወደ ጠጅ መንገድ ጀምሯል፤ አንቺ ጨርሺው። ውኃና ጌሾ ጨምረሽ ጥመቂው። ዳግመኛ ግን ከጥሩ ማር ጋር አትደባልቂው፤ እርሾውን ታጋቢበታለሽ። አዲሱን ስታስቀምጪ የተቆረጠበትን ወርና ቦታ ጽፈሽ ለጥፊበት። በቀዝቃዛ፣ በጨለማ፣ በደረቅ ቦታ ከነክዳኑ የተቀመጠ የተከደነ ማር ሁለት ዓመት ጣዕሙን ይዞ ይቆያል። የምትበዪውን በትንሽ ብርጭቆ ቀንሺ፤ ትልቁን ዕቃ በየቀኑ አትክፈቺው።»

ወጣቷ የሰማችውን በስልኳ ላይ ጻፈች። ስትነሳ አንድ ነገር ትዝ አላት። እህቷ ወልዳለች፤ ለሕፃኑ የሚሆን ምርጥ ማር አምጪልኝ ብላታለች።

«ስንት ወሩ ነው?»

«ስምንት።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ማር ውስጥ የቦቱሊዝም ተህዋሲ ዘር ሊኖር ይችላል። ትልቅ ሰው ሆድ ውስጥ አይበቅልም፤ የሕፃን አንጀት ግን ገና ስላልጠና ይበቅልና መርዝ ያመነጫል፣ ሕፃኑን ያሽመደምደዋል። ይህ የሕፃናት በሽታ በሕክምናው ዓለም ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ውስጥ ነው። ማሩ ንጹሕ ስለሆነ፣ ከራስ ቀፎ ስለመጣ ወይም ስለተሞቀ ብቻ አደጋው አይወገድም፤ ዘሩ የቤት እሳት አይገድለውም።

«ለእህትሽ ማሩን ስጫት፤ እሷ ትብላው። ለልጁ ግን ዓመት ሳይሞላው በጣት ጫፍም እንዳታቀምሰው።»